አስር ዓመት በሁለት ገጽ

አክስቴን ሰፈሩ «እትዬ ቁራጭ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ከክፋት አይደለም። የሙሽራ ቬሎ እየሰፋች የምታከራይ ሴት ናት፤ ጨርቅ ስትቀድ ከመቀሷ ሥር የሚቀረው ቁራጭ አንድ እፍኝ አይሞላም። ያችንም እፍኝ አትጥላትም። ከትልልቁ ቁራጭ አበባ ትሠራለች፣ በትንንሹ ቁልፍ ታለብሳለች፣ ብጥስጣሹን ደግሞ የመርፌ መሰኪያ ትራስ ውስጥ ትከተዋለች። አንዴ ከአንዲት ሙሽራ ቬሎ ያተረፈችው ጨርቅ ለሚዜዋ ጓንት ወጣው፤ ጓንቱንም መልሳ ለዚያችው ሙሽራ አከራየቻት። ይሄን የምነግራችሁ ላማት ብዬ አይደለም፤ እሷ ራሷ ለመጣ ለሄደው ሁሉ በኩራት የምታወራው ነው።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። የምሠራው ከውል ማዋዋያው ቢሮ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ ኮምፒውተርና ሲሞቀው ወረቀት የሚጎርስ አንድ ፕሪንተር አለኝ። ሰው ቤት ሲሸጥ፣ ውክልና ሲሰጥ፣ ሲፋታም ሲታረቅም በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። አንድ ወረቀት ማህተም እስኪያርፍበት ድረስ ስንት ቦታ ኪስ እንደሚያስዳብስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ካለም ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀበለው ሰውዬ ነው።

የአክስቴ ሱቅ ከአንድ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሥር ያለች ክፍል ናት። መንገዱን የሚያየው ትልቅ መስታወት ውስጥ ራስ የሌላት አሻንጉሊት የሳምንቱን ቬሎ ለብሳ ትቆማለች። ከኋላዋ አልጋ የሚያህል የመቅደጃ ጠረጴዛ አለ፣ ከጠረጴዛው በላይ ከግድግዳ ግድግዳ በተዘረጋ ብረት ላይ ቬሎዎቹ በላስቲክ ተሸፍነው ተሰቅለዋል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሙሽሮች የሚለኩበት መጋረጃና መስታወት አለ። እዚያ መስታወት ፊት ከሙሽራዋ ቀድማ የምትቆም አማት ካለች አክስቴ ክንዷን ይዛ ወደ ወንበር ትመልሳታለች። በዚህች ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። በእሷና በባለቤቱ መካከል ግን አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለችም። ወር ሲሞላ ደረጃውን ወጥታ ኪራይዋን ትሰጣለች፣ እሳቸው «ተባረኪ» ይላሉ፣ በቃ።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው ያወጡላቸው «ጋሼ ሂሳብ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ፎቁ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። በቁጠባ ነገር የአክስቴ ታላቅ ወንድም ሊሆኑ ይችሉ ነበር። የደረጃውን መብራት ሲወጡ ያበሩታል፣ መሃል ሲደርሱ ያጠፉታል፤ የቀረውን ደረጃ እግራቸው ያውቀዋል ይላሉ። መውደቅ ስንት እንደሚያስወጣ ግን አስልተውት አያውቁም።

ነገሩ የተበላሸው ልጃቸው ቤቱን ሸጦ አባቱን ወደ ራሱ ቤት መውሰድ ባማረው ጊዜ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አባቱ ጨለማ ደረጃ ላይ ሲወድቁ ይታየዋል። በየሳምንቱ ገዢ ይዞ ይመጣ ጀመር። ገዢ ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚገባው አክስቴ ሱቅ ነው። አንድ ቀን አንድ ደንዳና ሰውዬ መጣ፤ ሥጋ ሻጭ ነው። ክፍሏን በእርምጃ ለካ፣ «እዚህ ፍሪጁ፣ እዚያ ሚዛኑ» አለ ለራሱ፣ ከዚያ ቬሎዎቹ የተሰቀሉበትን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው።

«ይሄ ይችላል» አለ።

አክስቴ ክው ብላ ቀረች። በማግስቱ ጠዋት እኔ ዘንድ ስትመጣ ያ ብረት ላይ ከቬሎዎቿ ጎን ምን ተሰቅሎ እንደታያት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። በቃል የተከራየ ሰው አዲስ ባለቤት ሲመጣ የሚይዘው ነገር የለውም። የኪራይ ውል ተጽፎ፣ በአዋዋይ ፊት ተረጋግጦ፣ የቤቱ ማህደር ላይ ከተመዘገበ ግን ቤቱን የሚገዛ ሁሉ ተከራዩንም አብሮ ነው የሚገዛው፤ ውሉ እስኪያልቅ ንቅንቅ አያደርጋትም። አክስቴ ይሄን እንደሰማች ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ጋሼ ሂሳብ ስለ ሥጋ ሻጩ ሲሰሙ አፍረው አንገታቸውን ደፉ፤ ልጄ ቤቱን ይሽጥ፣ አንቺን ግን መሸጥ አይችልም አሏት። አስር ዓመት ተባባሉ። ወጪውን እኩል፣ ግማሽ በግማሽ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱም ሱቄ ደረሱ፤ እሳቸው ከረባት አስረው፣ እሷ የሙሽራ እናቶችን ስትቀበል የምትለብሰውን ሰማያዊ ኮት ለብሳ። ወንበሮቹን ለእነሱ ለቅቄ ቆሜ መተየብ ጀመርኩ። አክስቴ ቬሎ ስታከራይ የምታስፈርመው ውል አላት፤ ሙሽራዋ በደስታ ብታለቅስና ኩሏ ደረቷ ላይ ቢፈስ ማን እንደሚያሳጥብ ሳይቀር የተጻፈበት ነው። የኪራይ ውሉንም እንደዚያው ታስጽፈኝ ጀመር። አከራይ አበባ ሲያጠጡ ውሃው መስታወቱ ላይ እንዳይወርድ። ሙሽራ እየተለካች ከሆነ ከላይ ወንበር እንዳይጎትቱ። ጋሼ ሂሳብም የዋዛ አይደሉም፤ ተከራይ ሬዲዮ ስትከፍት ዜና ከሆነ ድምፁን ከፍ ታደርጋለች የሚል አስገቡ። ለካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የራሳቸውን ሬዲዮ አጥፍተው በወለሉ በኩል ነበር ዜና የሚሰሙት። አክስቴ አልተቆጣችም፤ በአድናቆት አየቻቸው።

ውሉ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። ያኔ ወጪውን ነገርኳቸው። ለማረጋገጫው የሚከፈለው በየገጹ ነው። ሦስት ቅጂ ያስፈልጋል፤ ለእሱም በየገጹ። የቴምብር ቀረጡ ደግሞ በኪራዩ ጠቅላላ ድምር ላይ ነው የሚታሰበው፤ ዓመቱ በበዛ ቁጥር ይበዛል። በመጨረሻ ማህደሩ ላይ ለማስመዝገብ ሌላ ክፍያ አለ። ጋሼ ሂሳብ ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አወጡ። አክስቴ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ጨበጠች። እኔ ያኔ አፌን መዝጋት ነበረብኝ።

«ይሄ ሁሉ ነጭ ምንድን ነው?» አለች አክስቴ፣ በጣቷ የወረቀቱን ዳርና ዳር እያሳየችኝ።

ህዳግ ነው አልኳት። ለካችው። በአራቱም ጎን የሚባክነውን ነጭ ስትደምረው አንድ ሙሉ ገጽ ይወጣዋል አለች፤ ዳር ድረስ እንድጽፍ አዘዘችኝ። ፊደሉን አሳነስኩ። ጋሼ ሂሳብ ደግሞ «አከራይ» እና «ተከራይ» የሚሉት ቃላት ስንት ጊዜ እንደተደጋገሙ ቆጥረው ተናደዱ፤ አከራይ በ«ሀ»፣ ተከራይ በ«ለ» ይተካ አሉ። አሥራ አንዱ ገጽ ስድስት ሆነ። አበባው ወጣ፣ ወንበሩ ወጣ፣ ሬዲዮው ወጣ። ሦስት ሆነ። ሁለቱም ከወንበራቸው ተነስተው ኮምፒውተሬ ላይ ተደፉ፤ እሷ በቀኝ፣ እሳቸው በግራ፣ ይሄን ቁረጪ፣ ያንን አውጪ ይሉኛል። አንድ ቃል በወጣ ቁጥር አክስቴ በደስታ ጀርባዬን ትመታኛለች። በሕይወቴ እንዲህ የሰከሩ ሰዎች አላየሁም፤ የጠጡት ነገር ግን የለም። ውሉ አንድ ገጽ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ሲያርፍ ተጨባበጡ።

እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት? ጋሼ ሂሳብ እርሳሳቸውን ወደ ቀረጡ አዞሩት። ዓመቱ ሰባት ቢሆን ይሄን ያህል ይተርፋል፣ አምስት ቢሆን ይሄን ያህል፣ ሦስት ቢሆን ደግሞ ይሄውልሽ ብለው የጻፉትን ቁጥር አሳዩዋት። አክስቴ ቁጥሩን ስታይ ዓይኗ በራ። እጄን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳደረግሁ፣ አክስቴ፣ የመጣሽው ለዓመቱ ነው እኮ አልኳት። እጇን አወናጨፈችብኝ፤ ጎበዝ ዝም ብለሽ ጻፊ። አስሩን አጥፍቼ ሦስት ጻፍኩ። ንዴቴን የተወጣሁት ፕሪንተሩን በጥፊ በመምታት ነው፤ እሱም በምላሹ የመጀመሪያዋን ወረቀት ጎረሰብኝ።

መንገዱን ተሻግረው ወደ ውል ማዋዋያው ቢሮ ሲሄዱ ተከትያቸው ገባሁ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ እነሱ ግን ስላተረፉት ሲያወሩ አልታወቃቸውም። አዋዋይዋ ረጋ ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። ወረቀቱን ተቀበለች፣ መነጽሯን አወረደች፣ ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው።

«ማህተሙን የት ላሳርፈው?» አለች።

አየነው። ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር ፊደል ነው። ማህተም ይቅርና የመርፌ ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ የለም። የፊርማ ቦታም የለም። አዋዋይዋ ቀጥላ «ሀ» ማን እንደሆነ፣ «ለ» ማን እንደሆነ ጠየቀች፤ ጋሼ ሂሳብ ሊያስረዷት ሲሞክሩ እዚህ ሰው በስሙ ነው የሚጠራው ብላ ወረቀቱን መለሰችላቸው። አክስቴ ግን ይሄን አልሰማችም። የወረቀቱን ዳር በጣቷ እየዳሰሰች ፊቷ ቀላ።

«ጠርዝ አልተውኩም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሠላሳ ዓመት ስሰፋ ለስፌት የሚሆን ጠርዝ ሳልተው ቀድጄ አላውቅም።»

እውነቷን ነው፤ ጨርቅ ቢሆን ኖሮ አይደረግም ነበር። መንገዱን ተሻግረን ተመለስን። ስሞቹን መልሼ አስገባሁ፣ በአራቱም ጎን ሁለት ሁለት ጣት ጠርዝ ተተወ፣ ውሉም ሁለት ገጽ ሆነ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አራት መስመር ብቻ ነበር ያለው። ለሙሉ ገጽ ተከፍሎ ባዶ ይሂድ ወይ ብላ አክስቴ ስለተቆጣች የሬዲዮዋን ነገር መልሼ ጻፍኳት። ጋሼ ሂሳብ ሳይታወቃቸው ፈገግ አሉ።

ወደ ቢሮው ስንመለስ አዋዋይዋ አሁን ምንም አልጎደለውም አለች። ከማህተሙ በፊት ግን የሚቀር ነገር አለ፤ ውሉ ለተዋዋዮቹ ጮክ ብሎ ይነበባል። ይሄንን በቀን ስንት ጊዜ ትሠራዋለች፣ ድምፅዋ ደርቆ ነበር። የቤቱን ቁጥር አነበበች፣ የክፍሏን ስፋት አነበበች፣ ኪራዩን አነበበች።

«ይህ ውል ጸንቶ የሚቆየው ለሦስት ዓመት ይሆናል።»

«ለስንት?» አለች አክስቴ።

አዋዋይዋ ደገመችው። አክስቴ ያን ቁጥር ከጠዋት ጀምሮ ስታየው ነበር፤ በጆሮዋ የሰማችው ግን ያኔ ነው። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ወይ ልትስቅ ነው ወይ ልታለቅስ ነው አልኩ።

«እኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው። «ሦስት ዓመት ሲሞላ ሃምሳ ሰባት። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ አርባ ቬሎ ተሸክሜ የትኛው መንገድ ላይ ነው የምቆመው?»

ከዚያ ወደ ጋሼ ሂሳብ ዞረች። እኔስ ነገር ዓለሙን ረሳሁ፣ የቁራጭ ነገር ሲሆን ድሮም አቅሌን እስታለሁ፣ እርስዎ ግን አስተማሪ ነዎት፣ አስር ተባብለን አልነበረም ወይ አለቻቸው። ድምፅዋን አላነሳችም። ለዚህ ነው የከበደው። ጋሼ ሂሳብ እርሳሳቸውን በጣቶቻቸው መሃል ሲያሽከረክሩ ቆዩ። ከኋላችን ወረፋ የያዙ ሰዎች እግር ሲቀያይሩ ይሰማኛል። አዋዋይዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ መልሳ ጠበቀች፤ ይሄም ከሥራዋ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

«ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሦስቱን እደርስበታለሁ ብዬ ነው። ለማልደርስበት ዓመት ቀረጥ መክፈል ብክነት መሰለኝ። አስቤ አልነበረም እመቤቴ። እጄ ራሱ ነው የቆረጠው።»

ጠዋት ሙሉ ስንስቅ፣ ዓመት ስናጠፋና ስንጽፍ፣ ሽማግሌው የራሳቸውን ዕድሜ ነበር ለካ ሲያሰሉ የዋሉት። ፕሪንተሩን በመምታቴ አፈርኩ፤ በሆዴ የተሳደብኩትንም ሁሉ መልሼ ዋጥኩት።

«ታዲያ እንዲህ ነው ብለው ለምን አልነገሩኝም?» አለች አክስቴ።

«በየገጹ ይከፈልበታል ብዬ» አሉ።

ከኋላችን የቆመ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ አዋዋይዋ ሳቋን ለመያዝ ወረቀቶቿን አስተካከለች፣ አልቻለችም። አክስቴም ጀመረች፤ የእሷ ሳቅ ደግሞ አንዴ ከጀመረ የሚያቆመው የለም፣ ሰማያዊው ኮት ቁልፉ እስኪፈታ ድረስ ሳቀች። ጋሼ ሂሳብ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ ቀጥሎ ከረባታቸውን አላልተው አብረው ሳቁ፣ እንባቸውን በከረባቱ ጫፍ ጠረጉ። ያ ቢሮ ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ተስቆበት አያውቅም ብዬ መሐላ መግባት እችላለሁ።

«አስር ብለሽ ጻፊው» አለችኝ አክስቴ ስትረጋ። «ግማሹን እኔ እችላለሁ፤ እንደተባባልነው።»

ወደ ጋሼ ሂሳብ አየሁ። ለአፍታ አሰቡ፤ ግን እርሳሳቸውን አላነሱትም። ኪሳቸው ከተቱት።

«አስር» አሉ።

መንገዱን እየሮጥኩ ተሻገርኩ፣ ቁጥሯን ለወጥኩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ አተምኩ። ፕሪንተሩም አልጎረሰም፤ ነገሩ የገባው ይመስል። ተመልሼ ስሰጣት አክስቴ የሦስቱንም ጊዜ ዋጋ ያለ ምንም ክርክር ከፈለችኝ፤ አክስቴን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አዋዋይዋ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ደግማ አነበበች፣ አሁን ድምፅዋ ደረቅ አልነበረም። ፈረሙ። ማህተሙ በተተወለት ጠርዝ ላይ ደንበኛ ሆኖ አረፈ፣ አክስቴም ስፌት እንደምትመረምር ጎንበስ ብላ አየችው።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ መክፈል ብቻ ነበር የቀረው። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው፣ ከታች ወደ ላይ። በየመስኮቱ ሁለቱም ቦርሳና ኪሳቸውን ይከፍታሉ፣ እኩል ያዋጣሉ፣ ደረሰኙን ይቀበላሉ። መጀመሪያ መስኮት ላይ ብሩን ሁለት ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ቀለላቸው። ሦስተኛው ላይ ጋሼ ሂሳብ ገንዘብ ተቀባዩን እንደ ድሮ ተማሪያቸው ስለ ጤናው ጠየቁት። መዝገብ ቤቱ ውስጥ አንድ ወጣት የቤቱን ማህደር አወጣ፣ ውሉን አስገባ፣ ቁጥር ጻፈበት፤ ከዛሬ ጀምሮ ይሄን ቤት የሚገዛ ሰው ይሄንንም ወረቀት አብሮ ነው የሚገዛው አለ። አክስቴ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ በቃሏ ደጋገመችው። ጠዋት አንድ ገጽ ለማዳን ያደረጉት ትግል በሙሉ ከወጣው ወጪ ጋር ሲተያይ የሚረባ አልነበረም፤ ይሄን ግን ያነሳው የለም።

ስንወጣ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ሁለት ቋጣሪ ሰዎች በአንድ ቀን ያን ያህል ካወጡ በኋላ ምን እንደሚሆኑ አይቼ አላውቅም ነበር። ይቀልላቸዋል። አክስቴ ደረጃውን እየዘለለች ነበር የምትወርደው ማለት ይቻላል፤ ብረቷ ላይ ከቬሎ በቀር ምንም እንደማይሰቀል፣ ነገ መጥታ ልትለካ ላለችው ሙሽራ ወገቡን ምን ልታደርገው እንዳሰበች፣ ሁሉንም አንድ ላይ ትነግረኛለች። ጋሼ ሂሳብ መጨረሻው ደረጃ ላይ ቆመው ደረሰኙን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ በአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ፣ ከእርሳሱ ጎን አስገቡት።

«አስር ዓመት ከፍዬበታለሁ» አሉ። «የከፈልኩበትን ነገር ትቼ አላውቅም። እኖረዋለሁ።»

ይሄን ብለው ግራና ቀኝ ሳያዩ፣ እንደ ጎረምሳ ወደ መንገዱ ገቡ። አክስቴ ደርሳ ክንዳቸውን ያዘች።

«ቀስ ብለው ይሻገሩ ጋሼ» አለቻቸው። «ግማሹን የከፈልኩት እኔ ነኝ።»